የምናበላው ስብ ደም ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን እንስሳ ላይ መሞከር፣ ከመኖ ቀመር እስከ ቁጥር

ይሄን የምጽፈው ለመጀመሪያ ጊዜ እንስሳ ላይ የስብ ሙከራ ለሚሠራ ሰው ነው። ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው የሚመስለው፣ አንዱን ግሩፕ የዓሣ ዘይት ታበሉታላችሁ፣ ሌላውን የከብት ሞራ፣ ከዛ ደም ቀድታችሁ ማሽን ላይ ትከቱታላችሁ፣ በቃ አለቀ። እኔም እንደዛ ነበር ያሰብኩት። ችግሩ ግን የተበላው ስብ ደም ውስጥ ቁጭ ብሎ አይጠብቃችሁም፣ የተወሰነው ይቃጠላል፣ የተወሰነው ጉበት ጋ ሄዶ ይረዝማል ቅርጹም ይቀየራል፣ የተወሰነው ቆዳ ስር ይጠራቀማል፣ ደም ውስጥ የምታገኙት መንገድ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚ የትኛውን የደም ክፍል በስንተኛው ሳምንት ለካችሁ የሚለው ነገር ከዘይቱ አይነት እኩል መልሱን ይወስናል። በቅደም ተከተል እንሂድ፣ አንዳንዱ ጋ ረዘም አርጌ እቆማለሁ፣ አንዳንዱን በሁለት መስመር አልፋለሁ።

1. መጀመሪያ የትኛውን የደም ክፍል እንደምትለኩ ወስኑ

ብዙ ሰው ይሄን የሚያስበው ደሙ ፍሪዘር ከገባ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ደም ውስጥ ያለው ስብ አንድ ነገር አይደለም። ትራይግሊሰራይድ (ለጉልበት የሚጓጓዘው ስብ) አለ፣ ፎስፎሊፒድ (የሴል ሽፋን የሚሠራበት) አለ፣ ኮሌስትሮል ኤስተር (ፋቲ አሲድ የተያያዘበት ኮሌስትሮል) አለ፣ አልቡሚን የሚባል የደም ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ የሚዞር ነጻ ፋቲ አሲድ (ስብ የሚሠራበት የካርቦን ሰንሰለት) አለ፣ ከዛ ደግሞ የቀይ ደም ሴል ሽፋን አለ። ሁሉም የየራሳቸው ሰዓት አላቸው።

ትራይግሊሰራይድ የሚነግራችሁ እንስሳው ባለፉት ሰዓታትና ቀናት የበላውን ነው። ጠዋት ከበላ በኋላ ከቀዳችሁት የጠዋቱን ምግብ እያያችሁ ነው። ነጻ ፋቲ አሲድ ደግሞ እንስሳው ሲጾም ከተጠራቀመ ስብ የሚለቀቅ ስለሆነ የድሮ ታሪክ ነው የሚያወራው፣ በዛ ላይ እንስሳው ከደነገጠ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል፣ ስለዚ ለስብ አይነት ማወዳደሪያ እኔ አልወደውም። የፕላዝማ (ሴሎቹ ሲወጡ የሚቀረው የደም ፈሳሽ) ፎስፎሊፒድና ኮሌስትሮል ኤስተር ያለፉትን ሳምንታት ያሳያሉ። የቀይ ደም ሴል ሽፋን ከሁሉም ይዘገያል፣ ምክንያቱም ሴሉ ራሱ ዕድሜ አለው፣ የሰው 120 ቀን ገደማ፣ የትልቁ የላብራቶሪ አይጥ 60 ቀን ገደማ፣ የትንሿ አይጥ 40 ቀን አካባቢ ይኖራል። ሽፋኑ ከፕላዝማ ጋ ትንሽ ትንሽ ይለዋወጣል እንጂ ሙሉ በሙሉ እስኪቀየር አዲስ ሴል መፈጠር አለበት። ትልቁን አይጥ 3 ሳምንት ብቻ አብልታችሁ ቀይ ሴል ከለካችሁ ግማሽ አሮጌ ግማሽ አዲስ ነው የምታገኙት፣ ከዛ ዘይቱ አልሠራም ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

የኔ ምክር፣ ለ4 ሳምንት ሙከራ የፕላዝማ ፎስፎሊፒድ፣ ለ8 ሳምንት ሙከራ ቀይ ሴልም ጨምሩ። ገንዘብ ወይ ጊዜ ከሌላችሁና ክፍሎቹን መለየት ካልቻላችሁ ጠቅላላ ፕላዝማ መለካት ይቻላል፣ ግን እንስሳው ጾሞ መሆን አለበት፣ ካልሆነ ትራይግሊሰራይዱ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

2. እንስሳውን ምረጡ

የሚመረጠው እንስሳ ውጤቱን በጣም ነው የሚቀይረው። አይጥ፣ አሳማና ዶሮ አንድ ሆድ ስላላቸው የበሉት ስብ ብዙም ሳይነካ ይገባል፣ ደማቸው መኖውን በደንብ ይከተላል። ላም፣ በግና ፍየል ግን ሌላ ዓለም ናቸው። የመጀመሪያው ሆዳቸው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ያልጠገበውን ስብ፣ ማለት ድርብ ማሰሪያ ያለውን፣ ሃይድሮጅን እየጨመሩ ያጠግቡታል፣ የተልባ ዘይት ሰጥታችሁ አብዛኛው አንጀት የሚደርሰው የጠገበው ስቴሪክ አሲድ ሆኖ ነው፣ ከዛ ጋ እንደ ቫክሴኒክ ያሉ ትራንስ የሚባሉት መሃል ላይ የቀሩ ነገሮች ይመጣሉ። ስለዚ ከብት ላይ ኦሜጋ 3 ከፍ ማድረግ ከፈለጋችሁ ዘይቱን እንዲሁ መኖ ላይ ማፍሰስ አይሠራም፣ ወይ የካልሲየም ሶልት የሆነ ስብ ወይ ሌላ ከባክቴሪያ የተከለለ ነገር ያስፈልጋል። መጠኑም ገደብ አለው፣ ጠቅላላ ስቡ ከደረቅ መኖው ከ6 እስከ 7 ፐርሰንት ካለፈ የፋይበር መፈጨት ይበላሻል፣ እንስሳውም መብላት ይቀንሳል።

ድመት ደግሞ ዴልታ 6 ዲሳቹሬዝ የሚባለው ኢንዛይሟ ደካማ ነው፣ ሊኖሌይክ አሲድ (የዕፅዋት ዘይት ኦሜጋ 6) ስለሰጣችኋት ከሱ የሚሠራውን ረጅሙን ኦሜጋ 6፣ አራኪዶኒክን፣ አትሠራላችሁም፣ ከሥጋ ነው የምታገኘው። ጥንቸል ላይ ኮሌስትሮል ያለው ነገር ከሰጣችሁ ደሙ ወዲያው ይናጋል፣ ሩሲያዊው ተመራማሪ አኒችኮቭ በ1913 ኮሌስትሮልና የደም ስር በሽታን ያገናኘው ጥንቸል ላይ ነው፣ አይጥ ላይ ቢሞክረው ኖሮ ምናልባት ምንም አያይም ነበር ምክንያቱም አይጥ ኮሌስትሮልን በደንብ ትቋቋማለች።

ከዚ በኋላ የማወራው በትልቁ የላብራቶሪ አይጥ ነው፣ ሌላ እንስሳ ከሆነ ልዩነቱን እየጠቀስኩ እሄዳለሁ። ሁሉም አንድ ጾታ ይሁኑ ወይም ጾታን እንደ ራሱ ፋክተር አስገቡት፣ ሴት አይጦች ከወንዶቹ በላይ ዲኤችኤ (ረጅም ኦሜጋ 3) እና አራኪዶኒክ አላቸው፣ ከቀላቀላችሁ ጫጫታ ነው የምታተርፉት። የእንስሳት ስነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይወጣ ደግሞ አንድ እንስሳ እንዳትነኩ፣ ስንት እንስሳ እንደሚያስፈልግም በስሌት አስደግፉት።

3. መኖውን ቀምሩ

እዚ ጋ ረዘም ላርግ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሙከራ የሚበላሸው እዚ ነው።

ገበያ ላይ ባለው የእህል መኖ ላይ ዘይት ጨምራችሁ አትሥሩ። የእህሉ መኖ የራሱ ስብ አለው፣ ከባች ባች ይለያያል፣ እናንተ ደግሞ ዘይት ስትጨምሩ ፕሮቲኑን ቫይታሚኑን ሁሉ እያቀጠናችሁት ነው። ከንጹህ ንጥረ ነገር የሚቀመም መኖ ተጠቀሙ። ለአይጥ የታወቀው ኤአይኤን-93ጂ ነው፣ በ1993 የወጣ፣ ለሚያድጉ አይጦች። በኪሎ የሚገባው፣ የበቆሎ ስታርች 397.486 ግራም፣ ኬሲን 200፣ ዴክስትሪን የተደረገ ስታርች 132፣ ስኳር 100፣ የአኩሪ አተር ዘይት 70፣ ሴሉሎዝ 50፣ የማዕድን ድብልቅ 35፣ የቫይታሚን ድብልቅ 10፣ ኤል-ሲስቲን 3፣ ኮሊን ባይታርትሬት 2.5፣ እና ቲቢኤችኪው የሚባል ፀረ ኦክሳይድ 0.014 ግራም። ደምሩት 1000 ይመጣል። ለአደጉ አይጦች የሚሆነው ኤአይኤን-93ኤም ደግሞ ዘይቱ 40 ግራም ነው።

አሁን ያ 70 ግራም ዘይት ነው የእናንተ መጫወቻ። ሌላውን ሁሉ አትንኩት። ግን 70ውንም በሙከራ ዘይት እንዳትተኩት፣ 20 ግራም የአኩሪ አተር ዘይት ለሁሉም ግሩፕ አስቀሩና 50ውን ቀይሩ። ለምን? ኮኮናት ዘይት ሊኖሌይኩ 2 ፐርሰንት ገደማ ብቻ ነው፣ ሃይድሮጅን የተጨመረበት ከሆነ ደግሞ ዜሮ ነው፣ እሱን ብቻ ካበላችሁ አስፈላጊ ፋቲ አሲድ ያጣ እንስሳ ነው የምታጠኑት እንጂ የጠገበ ስብ ውጤትን አይደለም። ጆርጅ በርና ሚልድረድ በር በ1929 ስብ አልባ መኖ ያበሏቸው አይጦች ማደግ አቁመው ጭራቸው ቅርፊት ያወጣው ለዚ ነው። 20 ግራም የአኩሪ አተር ዘይት ወደ 10 ግራም ሊኖሌይክና ከ1 ግራም በላይ አልፋ ሊኖሌኒክ (የዕፅዋት ኦሜጋ 3) ይሰጣል፣ ይበቃል።

የምትመርጧቸው ዘይቶች በደንብ የሚራራቁ ይሁኑ። ላውሪክ፣ ማይሪስቲክ፣ ፓልሚቲክና ስቴሪክ የጠገቡ ናቸው፣ ኦሌይክ ደግሞ አንድ ድርብ ማሰሪያ አለው። ኮኮናት ግማሹ አካባቢ ላውሪክ ነው፣ ከዛ ማይሪስቲክ ይከተላል። ፓልም ፓልሚቲኩ 44 ፐርሰንት ገደማ ሆኖ ኦሌይኩም ወደ 40 ስለሚጠጋ የጠገበ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የከብት ሞራ ፓልሚቲክ፣ ስቴሪክና ኦሌይክ ቅልቅል ነው፣ ብዙ ሰው ሞራ ማለት ሁሉም የጠገበ ይመስለዋል ግን 40 ፐርሰንት አካባቢ ኦሌይክ አለው። ወይራ ኦሌይክ ነው፣ ከ55 እስከ 83 ፐርሰንት። ተልባ ከግማሽ በላይ አልፋ ሊኖሌኒክ ነው። የዓሣ ዘይት ረጅሞቹ ኦሜጋ 3 ማለት ኢፒኤ እና ዲኤችኤ አሉት ግን መጠኑ እንደ ዓሣውና እንደ አሠራሩ በጣም ይለያያል። የሱፍ አበባ ዘይት ላይ ተጠንቀቁ፣ ባህላዊው አይነት ሊኖሌይኩ ከ48 እስከ 74 ፐርሰንት ይደርሳል፣ ሃይ ኦሌይክ የሚባለው አይነት ግን ኦሌይኩ ከ75 ፐርሰንት በላይ ነው፣ ጠርሙሱ ሁለቱም ላይ የሱፍ አበባ ዘይት ነው የሚለው። እኛ አንዴ ሳናውቅ ሃይ ኦሌይኩን ገዝተን ሁለት የወይራ ግሩፕ ይዘን ቁጭ ብለን ነበር፣ የታወቀውም ደሙ ላይ ነው፣ መኖውን ቀድመን ብንለካ ኖሮ 8 ሳምንት አይባክንም ነበር። ስለዚ መኖው እንደተሠራ ከየግሩፑ ናሙና ወስዳችሁ ማሽን ላይ አስገቡት፣ ወረቀት ላይ ያለውን ሳይሆን በትክክል ያለውን ነው የምትጽፉት።

ሌሎች የሚረሱ ነገሮች አሉ። የእንስሳ ስብና የዓሣ ዘይት ኮሌስትሮል አላቸው፣ የዕፅዋት ዘይት የለውም ማለት ይቻላል፣ የኮሌስትሮል ወይ የትራይግሊሰራይድ መጠንም የምትለኩ ከሆነ ማመጣጠን አለባችሁ። ቫይታሚን ኢ ሌላው ነው፣ ብዙ ድርብ ማሰሪያ ያለው ስብ ቫይታሚን ኢ ይበላል፣ ዘይቶቹ ራሳቸው ይዘው የሚመጡት ቶኮፌሮል ደግሞ እኩል አይደለም፣ ለሊኖሌይክ የሚጠቀሰው ልምድ በአንድ ግራም 0.6 ሚሊግራም ነው፣ ለዓሣ ዘይት ከዛ በላይ ነው የሚያስፈልገው። የስቡን አይነት ሳይሆን መጠኑን መቀየር ከፈለጋችሁ ደግሞ ሌላ ስሌት ነው፣ ስብ በግራም 9 ኪሎካሎሪ ስታርች 4 ስለሆነ እንስሳው ስብ የበዛበትን መኖ በግራም አነስ አርጎ ነው የሚበላው፣ ፕሮቲንና ቫይታሚኑን በካሎሪ ልክ ከፍ ካላደረጋችሁለት ያጥረዋል።

4. መኖውን አዘጋጁ፣ አስቀምጡ፣ አብሉ

ስንት እንደሚያስፈልግ አስሉት፣ አንድ አይጥ በቀን 20 ግራም ብትበላ በ56 ቀን 1120 ግራም ነው፣ ለ8 አይጥ 9 ኪሎ ገደማ፣ ለሚፈሰውና ለናሙናው 2 ኪሎ ጨምሩ። የዓሣና የተልባ ዘይት መኖ አየር ካገኘ በቀናት ውስጥ ይበላሻል፣ እንስሳው የሚበላው ኢፒኤ ሳይሆን የበሰበሰ ኢፒኤ ይሆናል። ዘይቱን ከመቀላቀላችሁ በፊት ፐሮክሳይድ ቫልዩ (ዘይቱ ምን ያህል እንደተበላሸ የሚያሳይ ቁጥር) ለኩ፣ ጥሩ የዓሣ ዘይት በኪሎ ከ5 ሚሊኢኩቫለንት በታች ነው። መኖውን በትንንሽ ከረጢት አየሩን አስወጥታችሁ ወይ ናይትሮጅን ሞልታችሁ ከዜሮ በታች 20 ላይ አስቀምጡ፣ የዕለቱን ብቻ አውጡ፣ የተረፈውን በየቀኑ ጣሉ። የሁሉንም ግሩፕ እንደዛ አድርጉ፣ የዓሣውን ብቻ በየቀኑ እየቀየራችሁ የሌላውን በሳምንት አንዴ ካደረጋችሁት ልዩነት ፈጥራችኋል።

እንስሳቱ ሲመጡ አንድ ሳምንት ሁሉም የአኩሪ አተሩን መኖ እየበሉ ይለማመዱ። ከዛ በክብደት ከፋፍላችሁ በዕጣ ደልድሉ፣ ከአንድ እናት የተወለዱ ካሉ በየግሩፑ በትኗቸው። የሚበላውን ስትመዝኑ የፈሰሰውንም ከስር ሰብስባችሁ መዝኑ፣ የዓሣ ዘይት መኖ ላይ አይጦቹ መጀመሪያ አካባቢ ይጫወቱበታል እንጂ አይበሉትም፣ የፈሰሰውን ካልቆጠራችሁ ብዙ በሉ ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አንዱ ግሩፕ በጣም ካነሰ አጣምሮ የመመገብ ዘዴ አለ፣ ትንሹን የሚበላው ግሩፕ ትናንት የበላውን ያህል ብቻ ለሌላው መስጠት ማለት ነው፣ አድካሚ ነው ግን የክብደት ልዩነት ውጤቱን ከሚያበላሽባችሁ ይሻላል።

5. ደም መቅዳት

ከመቅዳታችሁ በፊት ሌሊቱን 12 ሰዓት ይጹሙ፣ ውሃ ግን አይከልከል። ትንሿን አይጥ 12 ሰዓት ማስጾም ይበዛባታል፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይበቃል። አይጥ ኩሷን ትበላለች፣ ስለዚ ባዶ ሆዷ ነው ስትሉ ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም፣ ንጹህ ቤት ውስጥ ማዛወር ይረዳል። ሁሉንም በተመሳሳይ ሰዓት ቅዱ፣ ግሩፖቹንም እያፈራረቃችሁ፣ አንዱን ግሩፕ ጠዋት ጨርሳችሁ ሌላውን ከሰዓት አትሂዱ።

መጠኑ ላይ፣ አይጥ በኪሎ 64 ሚሊ ሊትር ደም አላት፣ የ300 ግራም አይጥ ወደ 19 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ በሕይወት እያለች በአንዴ ከ10 ፐርሰንት በላይ አይወሰድም፣ 1.9 ሚሊ ሊትር ገደማ። ለፋቲ አሲድ 200 ማይክሮሊትር ፕላዝማ ስለሚበቃ ከዚ በላይ አትቸገሩም።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ያለው ቱቦ ተጠቀሙ፣ ሄፓሪን ተዉት። ደሙ ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጥ። ከ30 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ በ1500 ጂ ለ10 ደቂቃ በ4 ዲግሪ አሽከርክሩት፣ ፕላዝማውን በጥንቃቄ አንሱ፣ ነጩን ስስ ሽፋን ጣሉት፣ ቀይ ሴሉን በቀዝቃዛ 0.9 ፐርሰንት ሳላይን 3 ጊዜ እጠቡት። ፕላዝማው ሮዝ ከሆነ ሴል ፈንድቷል ማለት ነው፣ የሴል ስብ ገብቶበታል፣ ምልክት አድርጉበት።

ቀይ ሴሉን ከዜሮ በታች 20 ላይ እንዳታስቀምጡ፣ ይሄን በትልቁ ጻፉት። ሴሉ ውስጥ ያለው ብረት ዲኤችኤና አራኪዶኒኩን በሳምንታት ውስጥ ያቃጥለዋል፣ ከዜሮ በታች 80 ላይ ግን ይቆያል። እኔ አንድ ጊዜ 80ው ስለሞላ ለጊዜው ብዬ 20ው ውስጥ ከትቼው፣ ለጊዜው ደግሞ እንደምታውቁት ሁለት ወር ሆነ፣ ከዛ ማሽኑ ላይ ረጅሞቹ ፋቲ አሲዶች በየግሩፑ ሁሉ ወርደው አየኋቸው። ሳምፕሉ ላይ ትንሽ ቢኤችቲ የሚባል ፀረ ኦክሳይድ መጨመርም ይረዳል፣ ግን ለ80ው ምትክ አይደለም።

6. ስቡን ማውጣትና ሚታይል ኤስተር ማድረግ

የፎልች ዘዴ፣ 1957 የወጣ ነው፣ አሁንም ይሠራል። 200 ማይክሮሊትር ፕላዝማ መስታወት ቱቦ ውስጥ አስገቡ፣ ፕላስቲክ አይሆንም፣ ክሎሮፎርም ከፕላስቲኩ የሚያወጣው ነገር ማሽኑ ላይ የራሱን ፒክ (ግራፉ ላይ የሚወጣ ጉብታ) ይሠራል፣ እናንተም አዲስ ፋቲ አሲድ አገኘን ትላላችሁ። ውስጣዊ ስታንዳርዱን (መጠኑን የምታውቁትን መለኪያ ፋቲ አሲድ) አሁኑኑ ጨምሩ፣ ከማውጣታችሁ በፊት፣ ካወጣችሁ በኋላ ከጨመራችሁት የጠፋውን አይነግራችሁም። ለአይጥ 17 ካርቦን ያለው የጠገበ ፋቲ አሲድ ጥሩ ነው፣ ለላምና ለበግ ግን አይሆንም ምክንያቱም ባክቴሪያዎቹ 17ን ራሳቸው ይሠሩታል፣ 19 ወይም 23 ካርቦን ያለውን ውሰዱ። ክፍሎቹን የምትለዩ ከሆነ ስታንዳርዱ በየክፍሉ መልክ ይሁን፣ ለትራይግሊሰራይድ ትራይግሊሰራይድ የሆነ፣ ለፎስፎሊፒድ ፎስፎሊፒድ የሆነ።

ከዛ 4 ሚሊ ሊትር ክሎሮፎርምና ሚታኖል 2 ለ 1 የተቀላቀለ ጨምሩ፣ የሳምፕሉ 20 እጥፍ ማለት ነው፣ በደንብ ናጡት፣ 0.8 ሚሊ ሊትር ሳላይን ጨምሩ፣ ናጡ፣ አሽከርክሩ፣ ሁለት ንብርብር ይሠራል። ስቡ ያለው ከታች ነው። የታችኛውን በመስታወት ፒፔት አንሱና በናይትሮጅን አድርቁት። ይሄ ሁሉ ጭስ መምጠጫው ውስጥ፣ በጓንት።

ክፍሎቹን መለየት ከፈለጋችሁ ሲሊካ ፕሌት ላይ ጣሉት፣ ሄክሴን፣ ዳይኢታይል ኢተርና አሴቲክ አሲድ 80 ለ 20 ለ 1። ፎስፎሊፒዱ የጣላችሁበት ቦታ ይቀራል፣ ኮሌስትሮሉ ትንሽ ከፍ፣ ከዛ ነጻው ፋቲ አሲድ፣ ከዛ ትራይግሊሰራይድ፣ ከላይ ኮሌስትሮል ኤስተር። እየፋቃችሁ ለየብቻ ያዟቸው።

ወደ ሚታይል ኤስተር (ማሽኑ ውስጥ በቀላሉ ወደሚተን የፋቲ አሲድ መልክ) ለመቀየር በሚታኖል ውስጥ 14 ፐርሰንት የሆነ ቦሮን ትራይፍሎራይድ 1 ሚሊ ሊትር፣ ትንሽ ቶሉይን፣ 100 ዲግሪ ላይ። ክዳኑ ቴፍሎን ያለው ይሁንና ከ5 ደቂቃ በኋላ አውጥታችሁ እንደገና አጥብቁት፣ የሚተነፍስ ቱቦ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ፎስፎሊፒድ በ10 ደቂቃ ያልቃል፣ ትራይግሊሰራይድ 30 ይፈልጋል፣ ኮሌስትሮል ኤስተር ግትር ነው 45 ይፈልጋል፣ ጠቅላላ ፕላዝማ ከሆነ 60 ስጡትና ተገላገሉ። ሲቀዘቅዝ 1 ሚሊ ሊትር ውሃና 2 ሚሊ ሊትር ሄክሴን፣ ናጡ፣ አሁን የምትፈልጉት ከላይ ያለው ነው፣ ቅድም ከታች ነበር፣ እዚ ጋ ሰው ይሳሳታል።

7. ማሽኑ

ጋዝ ክሮማቶግራፊ ከነበልባል ዲቴክተር ጋ። ለአይጥ ፕላዝማ 30 ሜትር የዋክስ ኮለም ይበቃል፣ ለከብት ግን ትራንሶቹን ለመለየት 100 ሜትር የሳያኖፕሮፒል ኮለም የግድ ነው። ፒኮቹን በ37 ፋቲ አሲድ ድብልቅ ስታንዳርድ ለዩ። በየቀኑ አንድ ብላንክ (ሳምፕል የሌለበት ባዶ ቱቦ) እና አንድ የተጠራቀመ ፕላዝማ (ከብዙ እንስሳ የተቀላቀለ፣ ሁሌ አንድ አይነት) ማሽኑ ላይ አስገቡ፣ የተጠራቀመው ከቀን ወደ ቀን ከተንቀሳቀሰ ችግሩ ማሽናችሁ ነው።

8. ቁጥሩን ማንበብ

እዚ ጋ ምን እንደምትጠብቁ ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ከዚ በጣም የራቀ ነገር ካያችሁ መጀመሪያ ሳምፕሉን ተጠራጠሩ።

ኮኮናት የበሉት ደም ውስጥ ላውሪክ ፈልጋችሁ ብዙ አታገኙም። መካከለኛና አጠር ያለ ስለሆነ አብዛኛው ቶሎ ይቃጠላል ወይ ይረዝማል፣ ፎስፎሊፒድ ውስጥማ አይገባም ማለት ይቻላል። በጠቅላላው የጠገበ ስብ በደም ሽፋኖች ውስጥ መኖውን ያን ያህል አይከተልም፣ ሰውነት ይቆጣጠረዋል፣ የፓልሚቲክ ፐርሰንት በሞራና በወይራ መካከል ትንሽ ልዩነት ብቻ ቢያሳይ ስህተት አይደለም። በዛ ላይ ጉበት ከስታርች ራሱ ፓልሚቲክ ይሠራል፣ ከእሱ ደግሞ ፓልሚቶሌይክ፣ ስለዚ ፓልሚቶሌይክ ከፍ ካለ ስቡን ሳይሆን ካርቦሃይድሬቱን እያያችሁ ሊሆን ይችላል።

ወይራ ኦሌይክን ከፍ ያደርጋል፣ በተለይ ትራይግሊሰራይዱ ላይ። የሱፍ አበባ ሊኖሌይክን ከፍ ያደርጋል፣ ግን አራኪዶኒኩ በዛው ልክ አይወጣም፣ ሰው ሁሌ እዚ ይገረማል፣ ኢንዛይሙ ሲጠግብ ጠገበ ነው። ተልባ አልፋ ሊኖሌኒክን ትራይግሊሰራይድ ላይ ያሳያል፣ ኢፒኤን ከፍ ያደርጋል፣ ዲኤችኤን ግን እምብዛም። የዓሣ ዘይት ሁለቱንም በግልጽ ያወጣቸዋል፣ አራኪዶኒኩን ያወርደዋል ምክንያቱም ሽፋኑ ላይ ለአንድ ወንበር ነው የሚጋፉት፣ ጠቅላላ ትራይግሊሰራይዱንም ይቀንሰዋል። ሽፋን ላይ ከሁሉም በላይ የሚንቀሳቀሰው የኦሜጋ 6 እና የኦሜጋ 3 ሚዛን ነው፣ እንጂ የጠገበና ያልጠገበ ድምር አይደለም።

አንድ የአይጥ ነገር፣ የሰው ኮሌስትሮል ኤስተር ውስጥ የሚበዛው ሊኖሌይክ ነው፣ የአይጥ ውስጥ ግን አራኪዶኒክ ነው። ይሄን ሳታውቁ የሰው ጽሑፍ አንብባችሁ ከመጣችሁ ሳምፕል የተቀያየረ ይመስላችኋል፣ አልተቀያየረም። አይጥ ሲኢቲፒ የሚባለው የኮሌስትሮል ኤስተር አመላላሽ ፕሮቲንም ስለሌላት ኮሌስትሮሏን በብዛት የምትሸከመው በኤችዲኤል (ጥሩው በሚባለው የኮሌስትሮል ተሸካሚ) ነው፣ ስለዚ ከአይጥ ኮሌስትሮል ተነስታችሁ ስለ ሰው ልብ አትጻፉ።

20 ካርቦንና 3 ድርብ ማሰሪያ ያለው ሚድ አሲድ የሚባለውን ፒክ ሁሌ ፈልጉት። እሱ የሚወጣው አስፈላጊዎቹ ፋቲ አሲዶች ሲያልቁ ነው። ለአራኪዶኒክ ሲካፈል ከ0.2 በላይ ከሆነ መኖአችሁ ላይ እጥረት አለ፣ ተመራማሪው ሆልማን በ1960 መጀመሪያ ያስቀመጠው ገደብ 0.4 ነበር። 20 ግራሙን የአኩሪ አተር ዘይት ካስቀራችሁ ይሄን አታዩም።

ፐርሰንትና መጠን አንድ አይደሉም። ለምሳሌ እንበል የሞራው ግሩፕ ፕላዝማ ጠቅላላ ፋቲ አሲድ 200 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆኖ ፓልሚቲኩ 25 ፐርሰንት ነው፣ 50 ሚሊግራም። የዓሣው ግሩፕ ጠቅላላው 120 ሆኖ ፓልሚቲኩ 28 ፐርሰንት ነው፣ 33.6 ሚሊግራም። በፐርሰንት ዓሣው ፓልሚቲክ ጨመረ፣ በመጠን ቀነሰ። ሁለቱንም ሠንጠረዥ አውጡ፣ ውስጣዊ ስታንዳርድ የጨመራችሁት ለዚ ነው። ፐርሰንቱ ደግሞ ሁሌ 100 ስለሚሞላ አንዱ ሲወጣ ሌላው የግድ ይወርዳል፣ የወረደው ሁሉ በባዮሎጂ ምክንያት ወረደ አትበሉ።

ውድር ላይ የተመሠረቱ የኢንዛይም ኢንዴክሶች ማለት ፓልሚቶሌይክ ሲካፈል ለፓልሚቲክ አይነት ነገሮች ፍንጭ ናቸው እንጂ የኢንዛይም መለኪያ አይደሉም፣ በተለይ መኖው ራሱ ኦሌይክ የሞላበት ከሆነ የኦሌይክ ለስቴሪክ ውድር ስለ ኢንዛይም ምንም አይነግራችሁም፣ ስለ ወይራው ነው የሚነግራችሁ።

ስታቲስቲክሱ ላይ በአንድ ቤት ውስጥ 4 አይጥ ካስቀመጣችሁ መኖውን የተቀበለው ቤቱ ነው፣ አይጡ አይደለም። 2 ቤት በግሩፕ ማለት የናሙና ቁጥራችሁ 2 ነው እንጂ 8 አይደለም፣ ገምጋሚ ይሄን ካየ ይመልስባችኋል፣ ልክም ነው። ወይ አይጦቹን ለየብቻ አስቀምጡ፣ ወይ ሁለት ሁለት አርጋችሁ የቤቱን ቁጥር አብዙ፣ ቤቱንም ሞዴሉ ውስጥ አስገቡት። 30 ፒክ ካላችሁ ደግሞ 30 ጊዜ ኤኖቫ (ግሩፖችን የሚያወዳድር የስታቲስቲክስ ፈተና) ሠርታችሁ ከ0.05 በታች የሆነውን መልቀም አይሆንም። ማሽኑ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ዋና መልሴ እነዚ ናቸው ብላችሁ ሦስት አራት ፋቲ አሲድ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ቀኑንም አስቀምጡበት፣ ሌላው ተጨማሪ ሠንጠረዥ ውስጥ ይግባ።